ምዕራፍ ዘጠኝ፦ ሕንፃን በቃላት መሣል

ሀ. መግቢያ

በዚህ ምዕራፍ ሕንፃን የሚያሳይ ሥዕላዊ ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍ እንመለከታለን። ብዙ ተማሪዎች ስለ አንድ ሕንፃ ጻፉ ሲባሉ «ትልቅ ነው፤ ያምራል፤ ግርማ ሞገስ አለው» ብለው ወዲያው ይቆማሉ። እነዚህ ቃላት ለማንኛውም ትልቅ ሕንፃ ስለሚስማሙ አንዱን ከሌላው ለይተው አያሳዩም። አንባቢው ድርሰቱን ከጨረሰ በኋላ በዓይነ ኅሊናው የሚቀርለት ምንም ነገር የለም።

ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ስለ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይናገራል። ቤተ ክርስቲያኗ ትልቅ አይደለችም፤ ጌጥም የላትም። በአንድ ፕላን ከተሠሩ ከብዙ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ከሌሎቹ ሁሉ የሚለያት አንድ ነገር አለ። ምንባቡን ስታነቡ ሁለት ነገሮችን ልብ በሉ፤ አንደኛ፣ ጸሐፊው የት ቆሞ እንደሚመለከት፣ ሁለተኛ፣ የየዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ማን እንደ ሆነ። በምዕራፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለ. ምንባብ

የክሮይክ ቤተ ክርስቲያን

ክሮይክ በስኮትላንድ ሰሜናዊ ደጋ የምትገኝ የገጠር ስፍራ ናት። አርድጌይ ከምትባለው መንደር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ጸጥ ወዳለ ሸለቆ ይደርሳል። በዚያ ያለው ወንዝ፣ ሣር የለበሰ ተረተርና እዚህም እዚያም የተበታተኑ ጥቂት ቤቶች ናቸው። በድንጋይ ካብ የታጠረ አንድ የመቃብር ግቢ በዛፎች መካከል ይታያል። በግቢው ውስጥ ቤተ ክርስቲያኗ ቆማለች።

የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን በፕሬስቢቴሪያን ሥርዓት ትመራለች። ፕሬስቢቴሪያን የሚለው ስም «ሽማግሌ» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው። በዚህ ሥርዓት ቤተ ክርስቲያንን የሚያስተዳድሩ ጳጳሳት የሉም፤ ሰባኪዎችና ከምእመናን የተመረጡ ሽማግሌዎች በጉባኤ እየተሰበሰቡ ያስተዳድሯታል። በአምልኮው ውስጥ ዋናውን ስፍራ የያዙት የቅዱስ መጽሐፍ ንባብና ስብከት ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው የሕንፃዋን አሠራር በሚገባ ሊረዳ አይችልም።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በስኮትላንድ ደጋ የነበሩት አጥቢያዎች እጅግ ሰፊ ስለ ነበሩ ብዙ ሰዎች በአቅራቢያቸው ቤተ ክርስቲያን አልነበራቸውም። በ1823 የብሪታንያ ፓርላማ በደጋውና በደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት እንዲሠሩ 50,000 ፓውንድ በሕግ ፈቀደ። ሥራውን በበላይነት የመራው መንገዶችን፣ ድልድዮችንና የካሌዶንያን ቦይ በመሥራት ስሙ የገነነው መሐንዲስ ቶማስ ቴልፎርድ ነበር። በአንድ ቦታ ለቤተ ክርስቲያኑና ለሰባኪው መኖሪያ በአንድነት የሚወጣው ገንዘብ ከ1,500 ፓውንድ እንዳይበልጥ ተወሰነ። በዚህ ገንዘብ ለየቦታው የተለየ ፕላን ማውጣት የማይታሰብ ነበር። ስለዚህ በቴልፎርድ ሥር ከሚሠሩት ባለሙያዎች አንዱ የሆነው ዊልያም ቶምሰን አንድ ቀላል ፕላን ነደፈ። ሠላሳ ሁለት አብያተ ክርስቲያናት በዚሁ መንገድ ተሠሩ፤ እስከ ዛሬም «የፓርላማ አብያተ ክርስቲያናት» ይባላሉ። የክሮይኳ ቤተ ክርስቲያን ከእነዚህ አንዷ ስትሆን በጄምስ ስሚዝ ተሠርታ በ1827 ተፈጸመች።

ከሩቅ ለሚመለከታት ቤተ ክርስቲያኗ የገበሬ ጎተራ ልትመስል ትችላለች። ቤተ ክርስቲያን መሆኗን የሚያስታውቀው በአንደኛው ጫፍ፣ በግድግዳው አናት ላይ የተተከለው ትንሽ የደወል ማማ ነው። ጠጋ ብሎ ለተመለከታት ግን አሠራሯ እየተገለጠ ይሄዳል። ቅርጿ የላቲኑን «ቲ» ፊደል ይመስላል፤ አንድ ረጅም ክፍል ተሠርቶ በወገቡ ላይ አጠር ያለ ክንፍ ተቀጥሎበታል። የድንጋይ ግንቧ ጠጠር በተቀላቀለበት የኖራ ልስን ተሸፍኗል። ጣሪያዋ በጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ተከድኗል። መስኮቶቿ ረዘም ያሉ ሲሆኑ አናታቸው ረፈድ ባለ ቅስት ያልቃል። የመስኮቶቹ መስተዋት አንድ ወጥ አይደለም፤ በሰያፍ የተጣመሩ ዘንጎች በያዙአቸው ብዙ ትንንሽ ሰሌዳዎች ተከፋፍሏል። መስተዋቱ ቀለም የለውም፤ የቅዱሳን ሥዕልም አልተሣለበትም።

ወደ ውስጥ የገባ ሰው ዓይኑ በቅድሚያ የሚያርፈው በስብከቱ ሰገነት ላይ ነው። ሰገነቱ የተተከለው እንደ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በሕንፃው ጫፍ ሳይሆን በረጅሙ ግድግዳ መካከል ነው። መቀመጫዎቹ ከግራ፣ ከቀኝና ከፊት ለፊቱ ክንፍ ወደ እርሱ ዞረዋል። ሕንፃዋ የ«ቲ»ን ቅርጽ የያዘችበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገለጻል። በዚህ አቀማመጥ ከሰባኪው እጅግ የሚርቅ ሰው የለም፤ በሦስቱም በኩል የተቀመጠው ሕዝብ ቃሉን አጥርቶ መስማት ይችላል። ከሰገነቱ በታች ጠባብና ረጅም ገበታ ተዘርግቷል። ምእመናን በቁርባን ቀን በዚህ ገበታ ግራና ቀኝ እንደ አንድ ቤት ሰዎች ተቀምጠው እንጀራውንና ጽዋውን ይቀባበሉበት ነበር። በሌሎች ብዙ አብያተ ክርስቲያናት እንዲህ ያለው ረጅም ገበታ ሲጠፋ የክሮይኩ ግን ቀርቷል። እንግዲህ ይህች ቤተ ክርስቲያን የተሠራችው ሁለት ነገሮችን በማሰብ ነው፤ ለመስማትና አብሮ ለመቀመጥ።

አሁን ወደ ውጭ ወጥተን ወደ ምሥራቁ መስኮት እንሂድ። በትንንሾቹ የመስተዋት ሰሌዳዎች ላይ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ጠጋ ሲሉ ጭረቶቹ ፊደላት ሆነው ይገኛሉ። ይህ ጽሑፍ በቴልፎርድም ሆነ በቶምሰን ፕላን ውስጥ አልነበረም። የመጣውም ሕንፃዋ ከተፈጸመች ከ18 ዓመት በኋላ ነው።

በዚያ ዘመን የስኮትላንድ ደጋ ባለርስቶች ከጭሰኞች ኪራይ ይልቅ ከበግ እርባታ የሚያገኙት ገቢ በልጦ ስለ ታያቸው፣ ከዘመናት ጀምሮ በሸለቆዎቹ ይኖሩ የነበሩትን ጭሰኞች እየነቀሉ መሬቱን ለበግ አርቢዎች ያከራዩ ነበር። ከክሮይክ በስተ ደቡብ ግሌንካልቪ የምትባል ሸለቆ ነበረች። የሸለቆዋን ርስት ያስተዳድር የነበረው ጄምስ ጊላንደርስ ነዋሪዎቹ መሬቱን እንዲለቁ አደረገ። በሜይ ወር 1845 ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ሰዎች መሄጃ ስላልነበራቸው ወደ ክሮይክ መጡ። ከእነርሱም ውስጥ ሕፃናትና በሽተኞች ነበሩ። የተጠለሉት በቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ ሳይሆን በመቃብሩ ግቢ ነበር። እንጨት አቁመው ሸራ ዘረጉበት፤ ጎን ጎኑን በብርድ ልብስ፣ በነጠላና በፈረስ ልብስ ጋረዱት። የለንደኑ ታይምስ ጋዜጣ በዚያው ዓመት ስለ ሁኔታቸው ጻፈ። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሰዎቹ ተበታተኑ።

በመስኮቱ ላይ የቀረው ጽሑፍ የዚያን ጊዜ ነው። የሰዎቹ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ጌሊክ ሲሆን የጻፉት ግን በእንግሊዝኛ ነው። አንደኛው ጽሑፍ ወደ አማርኛ ሲመለስ፣ «የግሌንካልቪ ሰዎች ሜይ 24 ቀን 1845 እዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነበሩ» የሚል ነው። ሌላው ደግሞ፣ «የግሌንካልቪ ሰዎች፣ ክፉው ትውልድ» ይላል። ፊደላቱ የተጫሩት ከውጭ በኩል ነው። ስለዚህ በውስጥ ሆኖ ወደ መስኮቱ ለሚመለከት ሰው ተገልብጠው ይታዩታል። በትክክል ሊያነባቸው የሚችለው ጸሐፊዎቹ ቆመውበት በነበረው በመቃብሩ ግቢ የቆመ ሰው ብቻ ነው።

ሐ. የምንባቡ አደረጃጀት

1. ቅደም ተከተል። ምንባቡ ከሩቅ ተነሥቶ ወደ ቅርብ፣ ከቅርብም ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ሸለቆው፣ ግቢው፣ ማማው፣ ግንቡ፣ ሰገነቱ፣ ገበታው። ይህ መንገድ አንድ እንግዳ በእግሩ ሲመጣ የሚያየውን ቅደም ተከተል የጠበቀ ነው። ጸሐፊው ስለ ጣሪያው ጀምሮ ወደ ገበታው፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ ልስኑ ቢሄድ ኖሮ አንባቢው የሕንፃዋን መልክ በአእምሮው ሊያቆመው አይችልም ነበር።

2. ምክንያት። ምንባቡ «ሰገነቱ በረጅሙ ግድግዳ መካከል ነው» ብሎ አያቆምም፤ ለምን እዚያ እንደ ተተከለ ይናገራል። የሕንፃ ክፍል ሁሉ አንድ አገልግሎት አለው። አገልግሎቱን ያልተናገረ ገለጻ የዕቃ ዝርዝር ይሆናል።

3. ቅጽል። በምንባቡ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኗን «ውብ» ወይም «አሳዛኝ» የሚል ቅጽል አታገኙም። ጸሐፊው የሚታየውን ነገር አስቀምጦ ፍርዱን ለአንባቢው ትቶለታል። «ጠባብና ረጅም ገበታ»፣ «ረፈድ ያለ ቅስት»፣ «ቀጫጭን ጭረቶች» የሚሉት ቅጽሎች ግን ለዓይን የሚታይ ነገርን ስለሚያሳዩ ያስፈልጋሉ።

4. መቆሚያ። ጸሐፊው ከውስጥ ወደ ውጭ ሲመለስ «አሁን ወደ ውጭ ወጥተን» ብሎ ለአንባቢው አስታውቋል። ይህ ቀላል መሸጋገሪያ ትልቅ ጥቅም አለው። በውስጥ ቆሞ ሕንፃዋን የሚገልጽ ሰው ሰገነቱንና ገበታውን አይቶ ሊረካ ይችላል፤ የተጫረውን ጽሑፍ ግን በትክክል አያነበውም። ስለዚህ ሕንፃን ከመግለጻችሁ በፊት በአንድ ቦታ ብቻ አትቁሙ፤ ዙሪያውን ዙሩት። ከዚያ በኋላ የት ቆማችሁ እንዳያችሁት ለአንባቢው ንገሩት።

መ. ሰዋስው፦ አድራጊና ተደራጊ ግሥ

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

(1) ቶምሰን ፕላኑን ነደፈ።
(2) ፕላኑ በቶምሰን ተነደፈ።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ባለቤቱ ቶምሰን ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመውም እርሱ ነው። «ፕላኑን» የሚለው ቃል ተሳቢ ስለሆነ «ን»ን ይዟል። እንዲህ ያለው ግሥ አድራጊ ግሥ ይባላል። በሁለተኛው ዐረፍተ ነገር ባለቤት የሆነው ፕላኑ ነው፤ ድርጊቱ ግን የተፈጸመበት እንጂ የፈጸመ አይደለም። ስለዚህ «ን» ወድቋል፤ በግሡ መነሻ ላይ «ተ» ተጨምሯል፤ እውነተኛው አድራጊ ደግሞ «በ»ን ይዞ መጥቷል። እንዲህ ያለው ግሥ ተደራጊ ግሥ ይባላል። ነደፈ — ተነደፈ፣ ሠራ — ተሠራ፣ ጫረ — ተጫረ፣ ከደነ — ተከደነ የሚሉትን ተመልከቱ።

በትንቢት ጊዜ «ተ» በጽሕፈት አይታይም፤ የሥሩ መጀመሪያ ፊደል በመጥበቅ ይተካዋል። «አናጺው ወንበር ይሠራል» ስንል «ሠ» ይላላል፤ «ወንበሩ ነገ ይሠራል» ስንል ግን «ሠ» ይጠብቃል። በጽሕፈት ሁለቱ አንድ ስለሆኑ አንባቢው የሚለያቸው ከዐረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው።

በ«ተ» የሚጀምር ግሥ ሁሉ ግን ተደራጊ አይደለም። «ሰዎቹ በግቢው ተጠለሉ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ የጠለሉት ራሳቸው ሰዎቹ ናቸው፤ «በማን ተጠለሉ?» ብለን አንጠይቅም። «ተቀመጡ» የሚለውም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ ግሥ ደግሞ ሁለቱንም ይሆናል፤ «ልጆቹ በሜዳው ተሰበሰቡ» ስንል ራሳቸው መሰብሰባቸውን፣ «መዋጮው ተሰበሰበ» ስንል ግን ሌላ ሰው መሰብሰቡን እንናገራለን።

ተደራጊ ግሥን መቼ እንጠቀማለን? አድራጊው ሳይታወቅ ሲቀር፣ ወይም አድራጊውን መናገር ለነገሩ የማያስፈልግ ሲሆን ነው። «ጣሪያዋ በጥቁር ሰሌዳ ድንጋይ ተከድኗል» ስንል የምንናገረው ስለ ጣሪያው ስለሆነ የከዳኙን ስም የሚጠይቅ የለም። ስለዚህ በሕንፃ ገለጻ ውስጥ ተደራጊ ግሥ ብዙ ጊዜ ተገቢ ነው።

አሁን ደግሞ እነዚህን ተመልከቱ።

(3) የርስቱ አስተዳዳሪ ጭሰኞቹን ከመሬታቸው አባረረ።
(4) ጭሰኞቹ በርስቱ አስተዳዳሪ ከመሬታቸው ተባረሩ።
(5) ጭሰኞቹ ከመሬታቸው ተባረሩ።

ሦስቱም በሰዋስው ረገድ ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም ሐሰት አይናገሩም። ነገር ግን በአምስተኛው ዐረፍተ ነገር ውስጥ አባራሪው ጠፍቷል። አንባቢው ድርቅ ወይም ጎርፍ ያባረራቸው ሊመስለው ይችላል። የአድራጊው ማንነት የነገሩ ዋና ፍሬ በሆነበት ቦታ ተደራጊ ግሥን ያለ አድራጊ መጠቀም ከእውነቱ ግማሹን መሰወር ነው። ጸሐፊው ይህን ሳያውቅ ቢያደርገው ስንፍና ይሆናል፤ አውቆ ቢያደርገው ግን ከስንፍና የከፋ ነው።

በመጨረሻ በመስኮቱ ላይ ከተጻፉት ሁለተኛውን እንይ፤ «የግሌንካልቪ ሰዎች፣ ክፉው ትውልድ»። ይህ አባባል ማሰሪያ አንቀጽ የለውም፤ ስለዚህ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ሳይሆን ሐረግ ነው። ማሰሪያ ስለሌለውም ትርጉሙ ለክርክር ክፍት ሆኗል። አንዳንዶች ሰዎቹ የደረሰባቸውን መከራ የራሳቸው ኃጢአት ቅጣት አድርገው ቆጥረውታል ይላሉ። ነገር ግን ሌሎች የሰጡአቸውን ስም በምሬት እየደገሙ እንደ ሆነስ? «ነን» ወይም «ተባልን» የሚል አንድ ማሰሪያ ቢኖር ኖሮ ጥያቄው ባልተነሣ ነበር። አንድ ቃል ምን ያህል ነገር ተሸክሞ እንደሚቆም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሠ. የቃላት ፍች

ተረተር — ከፍና ዝቅ እያለ የሚሄድ ጉብታ
ካብ — ያለ ጭቃ ወይም ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ ድንጋይ
ልስን — ግድግዳን ለመሸፈን የሚለጠፍ ኖራ ወይም ጭቃ
ቅስት — እንደ ደጋን የጎበጠ የበር ወይም የመስኮት አናት
ረፈድ ያለ — ብዙ ያልሾለ፣ ጠፍጠፍ ያለ
ሰያፍ — ቀጥ ያላለ፣ ወደ ጎን ያጋደለ
ጭሰኛ — በሌላ ሰው መሬት ላይ እየሠራ ለባለመሬቱ የሚከፍል ገበሬ

ረ. መልመጃ

መልመጃ 1። ለሚከተሉት ጥያቄዎች በሙሉ ዐረፍተ ነገር መልስ ስጡ።
1. የፓርላማ አብያተ ክርስቲያናት በአንድ ፕላን የተሠሩት ለምንድር ነው?
2. የስብከቱ ሰገነት የተተከለበት ቦታ ከፕሬስቢቴሪያን አምልኮ ጋር ምን ግንኙነት አለው?
3. በ1845 ወደ ክሮይክ የመጡት ሰዎች የተጠለሉት የት ነበር?
4. በመስኮቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በትክክል ለማንበብ የት መቆም ያስፈልጋል? ለምን?
5. ቤተ ክርስቲያኗ የተሠራችው «ለመስማትና አብሮ ለመቀመጥ» ነው ከተባለ በኋላ በግቢው የተጠለሉት ሰዎች ታሪክ መከተሉ በእናንተ ላይ ምን ስሜት አሳደረ? በአምስት መስመር ግለጹ።

መልመጃ 2። የሚከተሉትን አድራጊ ግሦች ወደ ተደራጊ፣ ተደራጊዎቹንም ወደ አድራጊ ለውጡ። አድራጊው ካልተጠቀሰ ተስማሚ አድራጊ ከራሳችሁ ጨምሩ።
1. ፓርላማው ገንዘቡን ፈቀደ።
2. ቤተ ክርስቲያኗ በጄምስ ስሚዝ ተሠራች።
3. ሰዎቹ ሸራውን ዘረጉ።
4. በመስተዋቱ ላይ ፊደላት ተጫሩ።
5. የመንደሩ ጥላ ዛፍ ተቆረጠ።

መልመጃ 3። ቀጥሎ ባሉት ዐረፍተ ነገሮች ውስጥ ከ«ተ» የሚጀምሩት ግሦች ተደራጊ መሆን አለመሆናቸውን ከምክንያታቸው ጋር ተናገሩ።
1. እንግዳው ወደ በሩ ተጠጋ።
2. ደብዳቤው ትናንት ተላከ።
3. ሽማግሌዎቹ በጥላው ሥር ተቀመጡ።
4. እህሉ በጎተራ ተከማቸ።

መልመጃ 4። «ጭሰኞቹ ከመሬታቸው ተባረሩ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በሦስት ሰዎች አፍ ጻፉት፤ በተባረረች አንዲት እናት፣ በርስቱ አስተዳዳሪና በጋዜጠኛ። እያንዳንዳቸው የትኛውን የግሥ ዓይነት እንደሚመርጡና ለምን እንደሚመርጡ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

ሰ. ድርሰት

በምትኖሩበት አካባቢ ከሚገኙ የቆዩ ሕንፃዎች አንዱን ምረጡ። የአምልኮ ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ ወፍጮ ቤት፣ ድልድይ ወይም የአያቶቻችሁ ቤት ሊሆን ይችላል። ከመጻፋችሁ በፊት ወደ ቦታው ሂዱና ዙሪያውን ዙሩ፤ በደብተራችሁም የምታዩትን በአጫጭር ሐረግ መዝግቡ። በሕንፃው ላይ ሠሪዎቹ ያላሰቡት፣ ኋላ የመጡ ሰዎች የተዉት ምልክት ካለ ፈልጉ፤ በጥላሸት የጠቆረ ግድግዳ፣ በብዙ እግር የተበላ ደረጃ፣ በበር ላይ የተቀረጸ ስም። ከዚያም ከ20 እስከ 25 መስመር የሚሆን ሥዕላዊ ድርሰት ጻፉ። ከሩቅ ወደ ቅርብ ተጓዙ፤ ለእያንዳንዱ ክፍል አገልግሎቱን ተናገሩ፤ ምልክቱን ወደ መጨረሻ አኑሩት። «ያምራል» እና «ትልቅ ነው» የሚሉትን ቃላት አትጠቀሙ። ድርሰታችሁን ከጨረሳችሁ በኋላ በተደራጊ ግሥ በጻፋችኋቸው ዐረፍተ ነገሮች ሥር አስምሩና ስለ እያንዳንዳቸው «ማን አደረገው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን አንባቢው ማወቅ የሚገባው ከሆነ ዐረፍተ ነገሩን አስተካክላችሁ እንደገና ጻፉት።